ምልክት ያልጠበቀ ቅጂ

ኮምፒውተር ከሚያሰማቸው ድምፆች አብዛኛውን ልብ አንለውም። ፋኑ ይዞራል፣ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ውስጡን እዝዝ ይላል፤ እኛ ግን ክፍሉ ጸጥ ያለ ይመስለናል። ድምፅ እንደነበረ የምናውቀው የተለወጠ ዕለት ነው። ትናንት ያልነበረ ቀጭ የሚል ነገር ዛሬ ሲመጣ እጃችን ከኪቦርዱ ይነሣል፣ አንገታችን ወደ ማሽኑ ያዘነብላል፣ ለወራት አብሮን የኖረው ጤነኛ ድምፅም ያን ጊዜ ትዝ ይለናል። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እኛ ልብ ያላልነውን ጆሯችን መዝግቦ አስቀምጦታል ማለት ነው። ባይመዘግበውማ «የዛሬውስ ልዩ ነው» ለማለት ከምን ጋር ያስተያየው ነበር?

እንግዳ ድምፅን መመርመር እንግዲህ የሚጀምረው ድምፁ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። ማሽኑ ደኅና በነበረበት ጊዜ አነሣሡን፣ አሠራሩንና አዘጋጉን ያልሰማ ሰው ሲታመም የሚያነጻጽርበት መነሻ የለውም። ጥሩ ባለሙያም ካቻቪቴውን ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲከፈት ነው ወይስ ሲሞቅ? መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ነው? ወድቆ ነበር? የደንበኛው ትዝታ የምርመራው ግማሽ ነው።

የቀረውን ግማሽ ጆሮ ብቻውን አይጨርሰውም። የኮምፒውተር ሣጥን ቆርቆሮ ስለሆነ በአንዱ ጥግ የተነሣውን ድምፅ በሌላው ጥግ ያሰማል። ስለዚህ ባለሙያው ይነጥላል። የጎኑን ክዳን ከፍቶ የፋኑን እምብርት በጣቱ ለአፍታ ያዝ ያደርገዋል። ድምፁ አብሮ ከቆመ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ወይ አቧራ ጠግቧል፣ ወይ ኩሽኔታው ደርቋል፣ ወይ የላላ ገመድ ክንፉን እየነካው ነው። ካልቆመ የዲስኩን ገመድ ነቅሎ ማሽኑን ደግሞ ያስነሣል። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሮው ሥር አስደግፎ የሚያዳምጥም አለ፤ የመኪና መካኒኮችም ሞተር የሚያዳምጡት እንዲህ ነው። ሲበራ የሚሰማው ጢጥ ጢጥ ማዘርቦርዱ ሆን ብሎ የሚያሰማው ነው፤ ረዘም እያደረገ ከደጋገመው ብዙ ጊዜ ራሙ በቦታው አልገባም። ከባድ ጌም ሲከፈት የሚብሰው ቀጭን ፉጨት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከሚርገበገብ የሽቦ ጥቅል የሚመጣ ነው፤ ጆሮ ይቆረቁራል እንጂ ፋይል አያጠፋም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያ ማዳመጥ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላውን፤ ሥራው ይኸው ነው። ሁለት ነገር ባንድ ላይ የለወጠ ሰው ድምፁ ቢጠፋለትም ምን እንዳጠፋው ሳያውቅ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ ኔኬር ሆስፒታል ሬኔ ላኔክ የተባለው ሐኪም የአንዲትን ሕመምተኛ ደረት ለማዳመጥ ወረቀት ጠቅልሎ ቱቦ አበጀ። ዛሬ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማዳመጫ መነሻው ይህ ነው። እኔን ከቱቦው ይልቅ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። በሕይወት ሳሉ ደረታቸውን ያዳመጠላቸው ሰዎች ሲሞቱ አስከሬናቸውን እየመረመረ፣ የሰማው ድምፅ ከየትኛው ጉዳት ጋር እንደሚገጥም አመሳከረ። ድምፅ ትርጉም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የሃርድ ዲስክ ድምፅም እንዲሁ ነው። የሞቱ ዲስኮች ክዳናቸው ተከፍቶ ባይመረመር ኖሮ ዛሬ ቀጭ ቀጭታ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ባልኖረ። ከምናውቀው ምልክት ሁሉ ጀርባ የሆነ ሰው ያጣው ነገር አለ፤ ያልተመለሰ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልተመለሰ የልጅ ፎቶ። ይህን ሳስብ ምልክቱን ሰምቶ ቸል ማለት በነዚያ ሰዎች ላይም ንፉግነት ይመስለኛል።

ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማሽን 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ አንድ ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ቁምፊ ነበር። ዛሬ በጥሩ ካሜራ የተነሣች አንዲት የሠርግ ፎቶ እዚያ ውስጥ አትገባም። መጠኑ ቢለወጥም መሠረቱ ያው ነው፤ ማግኔት የተቀባ ክብ ሰሌዳና በላዩ የምትመላለስ ማንበቢያ፣ ባለሙያዎቹ ሄድ የሚሏት። በዴስክቶፕ ዲስክ ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ ጠርዙ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። ሄዷ ግን ሰሌዳውን አትነካም። ሰሌዳው ሲዞር የሚነዳው አየር ከሥሯ ገብቶ ያንሳፍፋታል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ይህን በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጠዋል።

ብራና ሲነበብ ይዳሰሳል። ጠርዙ በአንባቢዎች አውራ ጣት ይጠቁራል፤ ሥዕሉ ከተሳላሚ ከንፈር ብዛት ይደበዝዛል፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ ይቆያል። የዲስክ ዕድሜ ግን አንባቢውና ተነባቢው እስካልተነካኩ ድረስ ነው። ከተነካኩ ጽሑፉ ከነቅቡ ተፍቆ ይነሣል። ከዲስክ የሚወጣ የመፋቅ ድምፅ፣ ብረት በድንጋይ ሲሳል የሚመስለው፣ ያ ንክኪ ራሱ ነው። እሱን የሰማ ሰው ማሽኑን ለመዝጋት እንኳ ሥርዓቱን መጠበቅ የለበትም፤ ገመዱን ይንቀል።

ቀጭ ቀጭታው ከዚህ ይለያል። ሰሌዳው ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፉ የቦታ ምልክቶች አሉ፤ ሄዷ የት እንዳለች የምታውቀው እነሱን እያነበበች ነው። ስትጎዳ ወይም ሰሌዳው ሲበላሽ ምልክቶቹ አይነበቡም። ክንዷ ቦታውን ያጣል፣ እስከ መቆሚያው ይመለስና ይመታል፣ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ያጣል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል ነው፤ ስፒከር የሚሠራውም በዚሁ ጥበብ ነው። ሰዎች ይህን ድምፅ ከሞት ጋር አያይዘው ሰይመውታል። ለእኔ ግን የሚሰማኝ ፍለጋ ነው። ማሽኑ የጠየቅነውን ሊያመጣ ደጋግሞ ይወጣል፣ ይስታል፣ ይመለሳል፤ በሙከራው ብዛትም የቀረውን ያበላሻል። እኛም እንደዚያው ነን። «እስቲ አንዴ ደግሞ ላጥፋና ላብራው» እንላለን። እንዲህ ባለ ሰዓት መተው ከመሞከር ይበልጣል። ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ አስገብተው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ከብርድ ሲወጣ የአየሩ እርጥበት ሰሌዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ክዳኑን የሚከፍቱም አሉ፤ በዓይን የማትታይ ብናኝ እንኳ ከዚያ ክፍተት በብዙ ትበልጣለች። ሁለቱንም አጥብቄ እቃወማለሁ።

መብራት እየሄደ በሚመለስበት አገር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ ሰሌዳው ይቆማል፤ ሰሌዳው ሲቆም ሄዷን የሚደግፋት አየር የለም። መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት መላ እጅግ ያማረ ነው። መብራቱ ቢሄድም ሰሌዳው በነበረው ፍጥነት ገና ይዞራል። ይህ ዙረት ሞተሩን ለቅጽበት ጄኔሬተር ያደርገዋል፤ ከዚያ የተገኘችው ጥቂት ኃይል ክንዱን ስባ ሄዷን ወደ ማረፊያዋ ታደርሳታለች። ሰፈሩ ጭልም ሲል ከማሽኑ የምንሰማው ጠንከር ያለ ቋ የሚል ድምፅ ይህ ነው። ዲስኩ የመጨረሻውን ጉልበቱን ለራሱ አላዋለውም፤ ጽሑፉ እንዳይነካ አውሎታል። ይሁንና እንዲህ ያለው ጥድፊያ ከተለመደው አዘጋግ ይልቅ ክንዱን ያደክማል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካውን ዩፒኤስ መግዛት ቅንጦት ነው ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አየር በሳሳ ቁጥር ሄዷ ወደ ሰሌዳው ትጠጋለች። ስለዚህ ለተራ ዲስኮች የሚጻፈው የሥራ ወሰን ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ላፕቶፑን የከፈተ ሰው ወሰኑን አልፏል። የደጋ ሰው ዲስክ ከቆላ ሰው ዲስክ ይልቅ ለአደጋው ቀርቦ ይሠራል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ጠባብ ጥገና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሠርግ የሚቀርጹ አንድ ጎልማሳ ፎቶ አንሺ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በፎጣ ጠቅልለው ገቡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?» አለ ወጣቱ ባለሙያ።

«ሰንበትበት ብሏል። አልፎ አልፎ ቀጭ ይልና ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ይሠራል።»

«ወድቆብዎታል?»

«ከእጄ አልወደቀም፣ የኔ ልጅ።»

ወጣቱ ዲስኩን ወዲያው አልሰካውም። መጀመሪያ ገመዱን ቀየረ። ከፊት ያለውን መሰኪያ ትቶ ከኋላ፣ ከማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መረጠ። በተጎዳ ገመድ በቂ ኃይል ያላገኘ ዲስክ ልክ እንደታመመው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በገመድ ጥፋት የተጣለ ጤነኛ ዲስክ ብዙ ነው። ከዚያ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ በሩ ላይ የሚያወሩትን ዝም እንዲሉለት በእጁ ለመነ፣ ሰካው፣ ጎንበስ አለ። ሽው የሚለው ድምፅ እየቀጠነ ወጣና ረጋ። ክንዱ ከማረፊያው ወጣ። ጥቂት አነበበ። ቀጭ። ዝም። ደግሞ አነበበ።

«ሞተሩ ደኅና ነው፤ ቦታውንም አልሳተም» አለ ቀና ብሎ። «አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ማንበብ እያቃተው ነው። ዛሬውኑ እንቅዳው። ሌላ ቅጂ አለዎት?»

«አብዛኛው እዚህ ብቻ ነው።»

«ደንበኞችዎ የየራሳቸውን ወስደው የለ እንዴ?»

«ወስደዋል። ግን ይመለሳሉ።»

ይህች መልስ ከሰማኋት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሰዎች ይመለሳሉ። ፍላሹ ልጆች እጅ ገብቶ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ይሰረቃል፣ ቤት ይለወጣል፣ አባት ይሞትና ለሐዘን ቤት የሚሆን ፎቶ ይፈለጋል። ያን ጊዜ ከዓመታት በፊት የቀረጻቸውን ሰው አስታውሰው በሩን ያንኳኳሉ። ፎቶ አንሺው ያን ሁሉ የሚያስቀምጡት ገና ላልመጣ ሰው፣ ገና ላልደረሰ ሐዘን ነው። ክፍያውን የተቀበሉት ለአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለማስቀመጡ ግን ማንም አልከፈላቸውም። ቢሆንም «ተረክባችኋል፣ ከዚህ በኋላ አይመለከተኝም» አላሉም።

«ቀድሞ ይውጣ የሚሉት አለ?» አለ ወጣቱ።

ፎቶ አንሺው ቶሎ አልመለሱም። በኋላ «የሽማግሌዎች ምርቃት ያለባቸው ቪዲዮዎች» አሉ። «ፎቶው ቢጠፋ ታትሞ አልበም ውስጥ የገባ ይኖራል። የምርቃቱ ድምፅ ግን የትም የለም፤ መራቂዎቹም ብዙዎቹ ዐርፈዋል።»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ፎልደሮቹን በማውዝ እየጎተተ አልቀዳም፤ ዲዲሬስኪዩ የተባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ይህ ፕሮግራም የፎልደር ስም አያይም። ከዲስኩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ያልተነበበለት ቦታ ላይ አይጨቃጨቅም፣ ምልክት አድርጎ ያልፈዋል፤ ጤነኛውን ሁሉ ካወጣ በኋላ ነው ወደ ታመመው የሚመለሰው። «ምርቃቱ ያለው የተጎዳው ቦታ ላይ ቢሆንስ?» ብሎ አስረዳቸው። «መጀመሪያ እሱን ካሳደድነው፣ ለሱ ስንል ዲስኩ ይሞትና ሌላውንም እናጣለን።» እሳቸውም ተስማሙ።

ይህን አሰላስዬዋለሁ። የምንወደውን አስቀድመን ማውጣት ከልባችን የሚመጣ ነው፤ ነገር ግን በሕመሙ ሰዓት ይህ ፍቅር ራሱ ያጠፋል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ማንንም የማያስቀድም ቅደም ተከተል ነው። መምረጥ፣ «ይህ ይቀድማል፣ ይህ በሁለት ቦታ ይቀመጥ» ማለት የሚቻለው ዲስኩ ደኅና ሳለ ነው። የፍቅር ጊዜው ከምልክቱ በፊት ነው።

ያም ዲስክ ቢሆን ደግነቱ መናገሩ ነው። ሳይናገሩ የሚሞቱ አሉ። ዲስኮች የራሳቸውን ጤና በቁጥር የሚመዘግቡበት ስማርት የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ስንት ቦታ እንደተበላሸና በመጠባበቂያ ቦታ እንደተተካ፣ ስንት ጊዜ ማንበብ እንዳቃተ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና ተብለው በተያዙት አራት ምልክቶች ላይ አንድም ቁጥር አላስመዘገቡም ነበር። ምልክት ያሳየ ዲስክ በእርግጥ አስጊ ነው፤ ምልክት ያላሳየው ግን ደኅና ነው ማለት አልተቻለም። ላኔክ ጆሮውን ለደረት እንደሰጠ እኛም ጆሯችንን ለማሽን እንስጥ፤ ነገር ግን ዝምታን የጤንነት ምስክር አድርገን አንቀበል።

ምልክት የምንጠብቀው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ፈቃድ ፍለጋ ነው። የዕለት ሥራችንን ትተን የያዝነውን ነገር እንድንንከባከብ የሚያዝዘን ሰው እንፈልጋለን፤ ቀጭ የሚለው ድምፅ ያን ትእዛዝ ይሰጠናል። ደኅና የሆነን ነገር ለመንከባከብ ግን የሚያዝዝ የለም። ትእዛዙ ከራሳችን መምጣት አለበት፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አገር ቅጂ የኖረው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ነው። ጸሐፊዎቹ መጽሐፍን የገለበጡት አሮጌው ሊጠፋ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል፣ አንድ ሰው ስለት ሲሳል፣ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ይገለብጡ ነበር። በብዙ ብራናዎች መጨረሻ ላይ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው የሚጸለይ ጸሎት አለ። አንዱ መጽሐፍ በእሳት ወይም በዘረፋ ቢጠፋ ከሩቅ ባለ ደብር ያለው ይተርፋል። መጽሐፈ ሄኖክ ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። በሌላው ዓለም ሙሉው ጠፍቶ የተረፈው ቁርጥራጭ ሲሆን፣ በግእዝ ግን ከዳር እስከ ዳር ኖረ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት ቅጂ ይዞ ገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ ሊቃውንቱ ያመሳከሩት ከዚሁ የግእዝ ቅጂ ጋር ነው። ይህን መጽሐፍ እዚህ የገለበጠ ጸሐፊ የሌሎቹ እንደሚጠፋ የነገረው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የአገሪቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተጀመረ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጎ። አብዮቱ የፈነዳው በዓመቱ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ። በጥይት ተመትተው አካላቸው የተጎዳው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከአገር ወጥተው ኮሌጅቪል ተቀምጠው ብዙዎቹን በዝርዝር መዘገቡ። ሥራው አገሩ እስኪናወጥ ቢጠብቅ ኖሮ ካሜራ ይዞ ከገዳም ገዳም የሚዞርበት መንገድ በጠበበ ነበር።

ለኮምፒውተር ሰዎች ዛሬ የሚመከረው ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ሕጉን በዚህ መልክ ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው፤ ከፎቶ አንሺ መምጣቱም አይገርምም። ሰዎች ሦስተኛውን ቅጂ ሲሰሙ ይበዛባቸዋል። እርሾ ለምታስቀምጥ ሴት ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ከሊጡ ላይ ለሚቀጥለው ታስቀራለች፤ የሷ ቢበላሽ ከጎረቤት ትበደራለች፣ የጎረቤቷም እርሾ ባለፈው ከሷ ቤት የሄደ ነው። ዲስክን ከቤት ውጪ ማስቀመጥ ማለት ለታመነ ሰው መስጠት ማለት ነው፤ ለእኅት፣ አዳማ ላለ ጓደኛ፣ ዋሽንግተን ላለ ወንድም። በነገራችን ላይ ብዙ የስደት ቤተሰብ ሳያስበው የዚህ አገር ፎቶዎች ሦስተኛ ቅጂ ጠባቂ ሆኗል። ያልተደረገው አውቆ ማድረጉ ነው።

«ሁሉንም ቅዳ፣ ቦታ ርካሽ ነው» ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። ብራና ውድ ስለነበር ጸሐፊው መምረጥ ነበረበት፤ ምርጫውም የመጽሐፉ ክብር አካል ነበር። በአሥር ሺህ የተደጋገሙ ፎቶዎች መካከል የተጣለ የአያት ምርቃት በሦስት ቦታ ቢቀመጥም የሚያገኘው የለም። መቅዳት ሳይታክት፣ መምረጥም ሳይታክት መሆን አለበት።

አሁን በምንገዛቸው ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ የሚዞር ሰሌዳም የሚንሳፈፍ ሄድም የለውም። ጽሑፉ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሪክ ነው። መውደቅን ይችላል፣ ከፍታም አያሳስበውም፤ ፍጥነቱም ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም። ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ «ዲስክ የለም» ይላል፤ በቃ። ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠም፣ በተለይ በሙቀት፣ የታሰረው ቀስ በቀስ ይሾልካል። ስለዚህ ለዘለቄታ ማስቀመጫ ብቻውን አላምነውም። በዚህ ማሽን ዘመን ጆሯችን ከሥራ ወጥቷል፤ የሚያዝዘን ድምፅ ከእንግዲህ አይመጣም።

የቀዳ ሰው ደግሞ ቀዳሁ ብሎ ማረፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም እየሠራ ሳለ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ፋይሎቹን ይሰርዝ ጀመር፤ አብዛኛው ፊልም ጠፋ። ባክአፕ ነበራቸው፤ ሲከፍቱት ግን ለሳምንታት በአግባቡ ሳይሠራ የቆየ ነበር። የታደጋቸው ጋሊን ሰስማን የተባለችው የቴክኒክ ኃላፊ ቤት የነበረው ኮምፒውተር ነው። ልጅ ወልዳ ከቤቷ ስለምትሠራ የፊልሙ ቅጂ እሷ ዘንድ ነበር፤ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት። የድርጅቱ ባክአፕ ማንም ከፍቶ ያላየው ነበር፤ የሷ ቅጂ ግን የሚሠራበት ነበር። የብራና ጸሐፊዎችም ገልብጠው ሲጨርሱ ከምንጩ ጋር ያስተያዩ ነበር፤ በመስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ገብተው የምናያቸው እርማቶች የዚያ ሥራ ናቸው።

ወጣቱ ባለሙያም ቀድቶ ሲያበቃ ሒሳብ አልጠየቀም። አዲሱን ዲስክ ከፈተና ማውዙን ለፎቶ አንሺው ሰጣቸው፤ «እኔ አልመርጥም፣ እርስዎ ይክፈቱ» አለ። እሳቸው መጀመሪያ የከፈቱት አንድ የቆየ ሠርግ ነበር፤ ፎቶዎቹ ሁሉ ደኅና ነበሩ። ቀጥለው ምርቃት ያለበትን ቪዲዮ ከፈቱ። ሽማግሌው ተነሥተው ጀመሩ፣ «አሜን» ሲባል ሥዕሉ ተቆራረጠ፣ ዘሎ ደግሞ ቀጠለ። ወጣቱ ሰዓቱንና የፋይሉን ስም ወረቀት ላይ ጻፈና ፕሮግራሙን ወዳልተነበቡት ቦታዎች መልሶ ላከው። ፎቶ አንሺው ወንበር ስበው ተቀመጡና የሚቀጥለውን ፎልደር ከፈቱ።